ለልጆች የሚሆን የመርከብ ሽርሽር እንዴት ይመረጣል? አምስት ኩባንያዎች በልጆች ክለባቸው ሲነጻጸሩ

የመጀመሪያው ሽርሽራችን ቀን፣ መርከቡ ገና ከወደቡ ሳይላቀቅ፣ ልጆቻችንን ይዘን የልጆች ክለብ (ሠራተኞች ልጆችን እየጠበቁ የሚያጫውቱበት ክፍል) በር ላይ ቆመን ነበር። ትልቁ ሰባት ዓመቱ ነው፤ የእጅ አምባሩን አሰሩለትና ዞር ብሎ እንኳ ሳያየን እየሮጠ ገባ። ትንሿ ሦስት ዓመት ሊሞላት ሦስት ሳምንት ይቀራታል። በሩ ላይ ያለችው ሠራተኛ የልደት ቀኗን ኮምፒውተሩ ላይ አየችና በትሕትና «ሦስት ዓመት ያልሞላቸውን አንቀበልም» አለችን። ልጄ የመስታወቱን በር በሁለት እጇ ይዛ ወንድሟን እየጠራች ያለቀሰችው ልቅሶ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ሰባቱን ቀን እኔና ባለቤቴ እየተፈራረቅን ያዝናት፤ አንድም እራት አብረን ተቀምጠን አልበላንም።

ደንቡ የተደበቀ አልነበረም። እኛ ግን ሁለት ወር ሙሉ ያነጻጸርነው የካቢን ዋጋና የውሃ ሸርተቴ ነው። ክለቡ ልጆቻችንን ይቀበላቸው እንደሆነ የጠየቀ የለም። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ሄደናል፤ ዘመድ ጓደኛም ሲያማክረኝ የምነግረው ይህንኑ ነው፦ ትንሽ ልጅ ያለው ሰው ከመርከቡ በፊት ክለቡን ይምረጥ። እዚህ የማነጻጽራቸው አምስቱ ኩባንያዎች ዲዝኒ፣ ሮያል ካሪቢያን፣ ካርኒቫል፣ ኖርዌጂያንና ኤምኤስሲ ናቸው።

ዋጋ ከማየታችሁ በፊት

መጀመሪያ የሚጠየቀው የልጁ ዕድሜ ነው። የሚቆጠረው መርከቡ በሚነሳበት ቀን ያለው ዕድሜ ነው እንጂ ስትከፍሉ ያለው አይደለም። አንዳንዱ ክለብ በ2 ዓመት ይቀበላል፣ አብዛኛው በ3። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ግን በአምስቱም መሳፈር አይችልም፤ ውቅያኖስ በሚሻገሩ ጉዞዎች ደግሞ ዝቅተኛው ዕድሜ ብዙ ጊዜ 12 ወር ነው።

ቀጥሎ ዳይፐር። ሦስት ዓመት ሞልቶትም ሽንት ቤት ራሱን ችሎ የማይጠቀም ልጅ ብዙ ክለብ አይገባም። የዋና ገንዳም እንዲሁ ነው፤ ከአሜሪካ በሚነሱ መርከቦች ላይ ዳይፐር ያደረገ ልጅ፣ የዋና ዳይፐር እንኳ ቢሆን፣ ትልቁ ገንዳ ውስጥ አይገባም። የሚፈቀድለት ለሕፃናት ተብሎ የተሠራ የውሃ መራጫ ቦታ ካለ እዚያ ብቻ ነው። ያ ቦታ የሌለው መርከብ ላይ የሁለት ዓመት ልጅ ሌሎች ሲዋኙ ከዳር ቆሞ ያያል።

ሦስተኛው ወንድምና እህት አንድ ላይ ይሆናሉ ወይስ ይለያያሉ የሚለው ነው። የእኛ የኢትዮጵያውያን ልጆች እቤት አብረው ነው የሚያድጉት፤ ትንሹ ታላቁን ካላየ አይረጋጋም። ክለቡ ልጆችን በዕድሜ የሚከፋፍል ከሆነ የአራትና የስምንት ዓመት ልጆች የተለያየ ክፍል ይገባሉ። አንዳንዱ ልጅ ይህን ከምንም አይቆጥረውም፣ አንዳንዱ ደግሞ በዚሁ ምክንያት ሁለተኛ አልገባም ይላል። የራሳችሁን ልጅ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

አራተኛው ሰዓት ነው። የአምስቱም ክለብ ቀን ቀን በነፃ ነው፤ ልዩነቱ የሚመጣው ማታ ነው። አብዛኞቹ ከምሽቱ 4 ሰዓት (በፈረንጆቹ 10) ወይም ትንሽ ቆይተው በሰዓት ማስከፈል ይጀምራሉ።

ጤናና የውሃ ደኅንነትም አለ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ወደ አሜሪካ ወደቦች የሚመላለሱትን የሽርሽር መርከቦች ሳይነግራቸው ገብቶ ንጽሕናቸውን ይፈትሻል፤ ከ100 ነጥብ ይሰጣል፤ 85 ወይም ከዚያ በታች ያገኘ ወድቋል። ፍተሻው ወጥ ቤቱንና ገንዳውን ብቻ ሳይሆን የልጆቹን ክፍልም ያያል። የየመርከቡ ውጤት ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ከመክፈላችሁ በፊት የመርከቡን ስም አስገብታችሁ እዩት። ገንዳ ዳር የሕይወት አድን ሠራተኛ መኖሩንም ጠይቁ። ዲዝኒና ሮያል ካሪቢያን አላቸው፤ ሁሉም መርከብ ግን የለውም። ቢኖርም ልጅ ውሃ ዳር ብቻውን አይተውም።

ወጪውን ስታሰሉ የካቢኑን ዋጋ ብቻ አትያዙ። በየቀኑ በነፍስ ወከፍ የሚቆረጥ ቲፕ አለ፤ በተራ ካቢን እንደ ኩባንያው ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ነው፣ ለልጅም ይከፈላል። ለአራት ሰው ለ7 ሌሊት በ16 ዶላር 448፣ በ20 ዶላር 560 ይመጣል። ዋይፋይ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ የወደብ መኪና ማቆሚያ፣ ወደቡ ሩቅ ከሆነም የአውሮፕላን ቲኬትና አንድ ሌሊት ሆቴል ይጨመርበታል። ርካሽ የመሰለው መርከብ ከዚህ ሁሉ በኋላ ርካሽ ላይሆን ይችላል።

ዲዝኒ

ስሙን ልጆች ስለሚያውቁት ብዙ ወላጅ ከዚህ ይጀምራል። ክለቡ ኦሺኒር ይባላል፤ ከ3 እስከ 10 ዓመት ያሉትን በአንድነት ይቀበላል። እኔ ትልቅ ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው፤ የአራት ዓመቷ እህት ከዘጠኝ ዓመቱ ወንድሟ ጋር እዚያው ትጫወታለች፣ የፈለገ ሥዕል ይሥላል፣ የፈለገ ከሌሎች ጋር ይሯሯጣል። ከ11 እስከ 14 ላሉት ኤጅ፣ ከ14 እስከ 17 ላሉት ቫይብ የሚባሉ የየራሳቸው ክለቦች አሉ። የ14 ዓመቱ የሚስማማውን ይመርጣል። በ2022 ሥራ በጀመረው ዲዝኒ ዊሽ ላይ ልጆች ከትልቁ አዳራሽ ወደ ክለቡ በሸርተቴ ይወርዳሉ፤ መግባት የሚፈራን ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ያደፋፍረዋል።

ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ላሉት በሰዓት የሚከፈልበት የሕፃናት ማቆያ አለ፤ ዳይፐርም ይቀይራሉ። ቦታው ጥቂት ስለሆነ ከጉዞው በፊት አስቀድማችሁ ያዙ። ክለቡ ማታም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይቆያል፣ ከምግብ ጋር ለስላሳ መጠጥ በነፃ ነው፣ በመርከቡ ላይ ቁማር ቤት የለም። ይህ የመጨረሻው ለአንዳንድ ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው፤ በሌሎቹ ብዙ መርከቦች ላይ ልጅ ይዞ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሲኬድ በቁማር ማሽኖች መካከል ይታለፋል።

ችግሩ ዋጋው ነው። በተመሳሳይ ሳምንት፣ ለተመሳሳይ ካቢን፣ ከአምስቱ ብዙ ጊዜ ውዱ እሱ ነው፤ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። ልጆቻችሁ ከ3 እስከ 10 ባለው ዕድሜ ውስጥ ካሉና አንድ ጊዜ ብቻ ለመሄድ ካሰባችሁ ገንዘቡ ያወጣል እላለሁ። ከልጆቹ አብዛኞቹ ጎረምሶች ከሆኑ ግን ለክለቡ ብላችሁ ያን ያህል አትክፈሉ።

ሮያል ካሪቢያን

አድቬንቸር ኦሽን የሚባለው ክለቡ ከ3 እስከ 12 ዓመት ያሉትን በዕድሜ ከፋፍሎ ይይዛል፤ ከ13 እስከ 17 ላሉት ለብቻው ቦታ አለ። ለክለቡ ልጁ ሽንት ቤት ራሱን ችሎ መጠቀም አለበት፤ በዚህ ደንብ አይደራደሩም። በብዙዎቹ መርከቦቹ ላይ ከ6 እስከ 36 ወር ላሉት በክፍያ የሕፃናት ማቆያ አለ። «በብዙዎቹ» ማለቴን ልብ በሉ፤ ሁሉም ላይ የለም። ክለቡ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በነፃ ነው፣ ከዚያ በኋላ በሰዓት ያስከፍላል።

በዚህ ኩባንያ መርከብ ከመርከብ በጣም ይለያያል። በጥር 2024 ሥራ የጀመረው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ በካቢን ሁለት ሰው ሲታሰብ 5,610 መንገደኛ ይይዛል። 6 ትልልቅ ሸርተቴዎች ያሉት የውሃ መጫወቻ አለው፤ ሰርፍሳይድ የሚባል ሰፈር ደግሞ በተለይ 6 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ላሏቸው ወላጆች ተብሎ ተሠርቷል፤ የውሃ መራጫው፣ ምግቡና የወላጆች መቀመጫው ሁሉም እዚያው ነው። ልጅ ይዞ አሥር ፎቅ መውጣትና መውረድ ምን እንደሚያደክም ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። በ1998 የተሠራው ቪዥን ኦፍ ዘ ሲስ ደግሞ የዚህ ሩቡን ያህል እንኳ የልጆች መጫወቻ የለውም። የኩባንያው ስም አንድ ስለሆነ ብቻ አንድ ናቸው ብላችሁ አትክፈሉ።

ዖቲዝም ያለበት ልጅ ላላቸው ወላጆች፣ ኩባንያው ለእንዲህ ያሉ ልጆች አገልግሎት በማዘጋጀት ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ካርኒቫልም ሠራተኞቹን በዚህ ጉዳይ አሠልጥኗል። ሁለቱም ጋ ከጉዞው አስቀድማችሁ ደውላችሁ የልጁን ሁኔታ በዝርዝር አስመዝግቡ። መርከቡ ላይ ደርሶ መናገር ዘግይቷል።

ካርኒቫል

ካምፕ ኦሽን ከ2 ዓመት ጀምሮ ይቀበላል፣ ሠራተኞቹም ዳይፐር ይቀይራሉ፣ ቀኑን ያለ ክፍያ። ያንን የመጀመሪያ ጉዟችንን ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ይህ ነው፤ ለእኛ ቤተሰብ በዚያ ዓመት ትክክለኛው ምርጫ ይኸው ነበር። ክፍሎቹ ሦስት ናቸው፦ ከ2 እስከ 5፣ ከ6 እስከ 8 እና ከ9 እስከ 11። ከ2 ዓመት በታች ላሉት በተወሰኑ ሰዓታት በክፍያ ይጠብቃሉ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላም ክፍያ አለው።

ታዳጊዎቹን ከ12 እስከ 14 እና ከ15 እስከ 17 ብሎ መለየቱም ጥሩ ነው። የ13 ዓመት ልጅን ከ17 ዓመት ጎረምሳ ጋር አንድ ክፍል ማስገባት የማይመቻቸው ወላጆች ብዙ ናቸው፣ እኔም አንዷ ነኝ። አንድ ነገር ግን በሁሉም ኩባንያ ዘንድ እወቁ፤ ታዳጊዎች ከክለባቸው እንደፈለጉ ይወጣሉ ይገባሉ፣ የሚያስፈርማቸው የለም። በስንት ሰዓት ካቢን መግባት እንዳለባቸው፣ የማንም ሰው ካቢን እንደማይገቡ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት ቤት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ።

ካርኒቫል ከብዙ ከተሞች ይነሳል፤ በመኪና የሚደረስ ወደብ የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው፣ ዋጋውም ብዙውን ጊዜ ዝቅ ይላል። ጉዞው ሞቅ ያለ ነው፤ በተለይ አጫጭሮቹ የ3 እና የ4 ሌሊት ጉዞዎች ላይ ለጭፈራና ለመጠጥ የመጣ ሰው ይበዛል። ልጅ ከያዛችሁ የ6 ወይም የ7 ሌሊቱ ይሻላል።

ኖርዌጂያን

ስፕላሽ አካዳሚ ከ3 እስከ 12፣ ታዳጊዎቹ ከ13 እስከ 17። ጥሩ ጎኑ ልጁ ዳይፐር ላይ ቢሆንም ሦስት ዓመት ከሞላው ይቀበሉታል፤ ለወላጅ መጥሪያ ይሰጣሉ፣ መቀየር ሲያስፈልግ ትጠራላችሁ፣ መጥታችሁ ትቀይራላችሁ። የእራት ሰዓት ያልተወሰነ መሆኑም ትንሽ ልጅ ላለው ይመቻል። ከ3 ዓመት በታች ላሉት ግን በአብዛኛው ወላጅ አብሮ የሚቀመጥበት የመጫወቻ ሰዓት ነው ያለው።

ኤምኤስሲ

አውሮፓ ላሉ ወገኖቻችን የሚቀርበው ይህ ነው፤ ከጄኖቫ፣ ከማርሴይ፣ ከባርሴሎና ይነሳል፤ አሜሪካም ከማያሚ አለ። ክለቦቹ ከ3 እስከ 6፣ ከ7 እስከ 11፣ ከ12 እስከ 14 እና ከ15 እስከ 17 ናቸው። የሕፃናቱ ክፍል ከሕፃናት ዕቃ አምራቹ ቺኮ፣ የልጆቹ ከመጫወቻ አምራቹ ሌጎ ጋር በመተባበር የተዘጋጀ ነው።

ትልቁ መስህቡ ዋጋው ነው። ልጆች ከሁለት ወላጅ ጋር በአንድ ካቢን ሲሆኑ የጉዞ ዋጋ የማይጠይቅበት ጊዜ ብዙ ነው። የወደብ ግብሩና ቲፑ ግን አይቀርም። ሦስት ልጅ ላለው ቤተሰብ ይህ ሒሳቡን ይቀይረዋል። በሌላ በኩል መንገደኛው ከየአገሩ ስለሆነ ክለቡ ውስጥ ጣሊያንኛ፣ ጀርመንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ ይደባለቃል። ሁለት ቋንቋ የለመደ ልጅ ቶሎ ይላመዳል፤ ዓይን አፋር ልጅ ግን የመጀመሪያውን ቀን ሊከብደው ይችላል።

ባጭሩ ሲታይ

| | ዲዝኒ | ሮያል ካሪቢያን | ካርኒቫል | ኖርዌጂያን | ኤምኤስሲ |
|---|---|---|---|---|---|
| ነፃው ክለብ የሚጀምርበት ዕድሜ | 3 | 3 | 2 | 3 | 3 |
| ዳይፐር ላይ ያለ ልጅ በክለቡ | አይገባም | አይገባም | ይገባል፣ ይቀይራሉ | ይገባል፣ ወላጅ ይጠራል | አስቀድማችሁ ጠይቁ |
| ከክለቡ ዕድሜ በታች ላሉ ሕፃናት | በክፍያ፣ ከ6 ወር | በክፍያ፣ ከ6 ወር፣ በብዙ መርከቦች | በክፍያ፣ በተወሰነ ሰዓት | በአብዛኛው ከወላጅ ጋር | እንደ መርከቡ |
| የ4 እና የ8 ዓመት ልጆች | አብረው | ተለያይተው | ተለያይተው | ተለያይተው | ተለያይተው |
| የታዳጊዎች ክፍል | 11–14፣ 14–17 | 13–17 | 12–14፣ 15–17 | 13–17 | 12–14፣ 15–17 |
| ዋጋ | ከፍተኛ | እንደ መርከቡ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ |

ለማን የትኛው?

የሁለት ዓመት ልጅ ካላችሁና ሞግዚት የምትሆን አያት አብራችሁ ከሌለች ካርኒቫልን እዩ። ሕፃን ይዛችሁ በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት ማረፍ ከፈለጋችሁ፣ ክፍያውንም ካልጠላችሁት፣ ዲዝኒ ወይም ማቆያ ያለው የሮያል ካሪቢያን መርከብ ይሻላል። ሁለት ሦስት ልጆች ከ3 እስከ 10 ባለው ውስጥ ካሉና መለያየት የማይወዱ ከሆኑ ዲዝኒ፤ በጀታችሁ ካልፈቀደ አንድ ዓመት አጠራቅማችሁ ሂዱ እንጂ በብድር አትሂዱ። ከአሥር ዓመት በላይ የሆኑ፣ መዝለልና መውጣት የሚወዱ ልጆች የሮያል ካሪቢያንን አዳዲስ ትልልቅ መርከቦች ይወዷቸዋል። ብዙ ልጅና ጠበብ ያለ በጀት ያለው ኤምኤስሲን ከካርኒቫል ጎን ለጎን አስልቶ ይወስን።

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላለን ባልቲሞር ቅርብ ነው፤ ያለ አውሮፕላን መሄድ ለአራት ሰው ትልቅ ቁጠባ ነው። ከዚያ የሚነሱት መርከቦች ግን አነስተኞቹና አሮጌዎቹ ናቸው፤ ምክንያቱም የቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ከውሃው በላይ ያለው ክፍተት 186 ጫማ፣ 57 ሜትር ገደማ ስለሆነ ግዙፎቹ ከሥሩ አያልፉም። ልጆቻችሁ በማስታወቂያ ያዩትን ትልቅ መርከብ የሚጠብቁ ከሆነ እንደ ፍሎሪዳ ያለ ሌላ ቦታ መሄድ ግድ ነው። ትንንሾች ከሆኑ ግን የባልቲሞሩ ይበቃቸዋል፤ ልጅ ክለቡን እንጂ የመርከቡን ርዝመት አያይም። ቴክሳስ ያላችሁ የጋልቬስተንን ወደብ፣ ሲያትል ያላችሁ የበጋውን የአላስካ ጉዞ ተመልከቱ። አላስካ ብርድ ስለሆነ የውጪ ገንዳው እምብዛም አይጠቅምም፤ እዚያ የክለቡ ጥራት ከሌላው ሁሉ ይበልጣል።

እኛን ኢትዮጵያውያንን የሚመለከቱ ነገሮች

የትምህርት ቤቶች የስፕሪንግ ብሬክ ዕረፍት ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ይወድቃል። የሚጾም ሰው መርከብ ላይ አይራብም። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ምግብ ስትይዙ አስመዝግቡ፤ መጀመሪያ ማታ እራት ላይም የአስተናጋጆቹን ኃላፊ አነጋግሩ። የነገውን ዝርዝር ማታውኑ ያሳያችኋል፣ ትመርጣላችሁ፣ ለብቻ ይሠራላችኋል። ሀላል ለሚፈልጉም መንገዱ ይኸው ነው፤ ግን ከጉዞው ብዙ ሳምንት ቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። ልጆቹ ክለብ ውስጥ የሚበሉበት ሰዓት ስላለ ይህንኑ ለክለቡም ንገሩ።

አያት ከአዲስ አበባ መጥታ አብራችሁ የምትሄድ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ቪዛዋን እዩ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ መርከቡ ባሃማስን ወይም ሜክሲኮን ነክቶ ሲመለስ ወደ አሜሪካ መግቢያ ላይ ችግር ሊገጥማት ይችላል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄድ ሰው መርከቡ የሚቆምባቸውን አገሮች የቪዛ ደንብ አንድ በአንድ ያጣራ። ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ተነስቶ እዚያው በሚመለስ ጉዞ ዜግነት ያላቸው ልጆች በልደት ምስክር ወረቀት መሄድ ይችላሉ፤ ፓስፖርት ቢኖራቸው ግን መንገድ ላይ ታመው በአውሮፕላን መመለስ ቢያስፈልግ ይጠቅማቸዋል። አባት ወይም እናት ብቻውን ልጆቹን ይዞ ከሄደ ከሌላው ወላጅ በኖተሪ የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ ይያዝ።

የተሳፈራችሁ ቀን

ሻንጣ ሳትፈቱ፣ ምሳም ሳትበሉ፣ ወደ ክለቡ ሂዱ። በብዙ መርከቦች በዚያ ከሰዓት ክለቡ ለወላጆችም ክፍት ነው። ከልጁ ጋር ግቡ፣ መጫወቻውን ይንካ፣ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ያሳዩት፣ የሠራተኛዋን ስም ይያዝ። አለርጂ፣ አስም፣ መድኃኒት ካለ አስጽፉ። ማን ልጁን መውሰድ እንደሚችል በስም ወስኑ። የአደጋ ጊዜ መሰብሰቢያችሁ በልጁ የእጅ አምባር ላይ መጻፉንም አረጋግጡ። ባሕር ላይ የሚዋልባቸው ቀናት ክለቡ ስለሚሞላ በዚያ ቀን ጠዋት በጊዜ ድረሱ፤ እኛ አንድ ጊዜ ዘግይተን ደርሰን ቦታ የለም ተብለን ተመልሰናል።

ሁለተኛው ጉዟችን ላይ ትንሿ አራት ዓመቷ ነበር። መጀመሪያ ቀን ገብቼ አብሬያት ሃያ ደቂቃ ያህል ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሰማያዊ ጭቃ እየጠፈጠፈች ሳለ ቀና ብላ አየችኝና «እማዬ፣ አንቺ ሂጂ» አለችኝ።